በዳዊቱ መጨረሻ የተጻፉ ስሞች

ያን ሰሞን እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ጠዋት ደብረ ታቦር አስተምሬ ከሰዓት በሚኒባስ ሐሙሲት እወርዳለሁ፤ ያልሄድኩ ቀን ሥራ የፈታሁ ይመስለኛል። የምጽፈው በአካባቢያችን ገዳም የመሠረቱ አንድ መነኩሴ ታሪክ ነው። መነኮሳቱ «አባታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሴት አያውቁም» ይላሉ። የሐሙሲት ሰው ደግሞ ሚስትና ልጅ ጥለው እንደመነኑ ያወራል። ሁለቱም ወገን የሚቆጣው በእኔ ላይ ነው።

ልጃቸው ናቸው የሚባሉት አሮጊት ከገበያው ጀርባ ይኖራሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ እንደ ልማዴ ቸኩዬ፣ ሳልቀመጥ ስልኬን አወጣሁ። መነኩሴው ዕድሜ ልካቸውን የደገሙትን ዳዊት መነኮሳቱ አሳይተውኝ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ በጸሎት የሚያስቧቸውን ሰዎች ክርስትና ስም በእጃቸው ጽፈዋል፤ እሱን ፎቶ አንስቻለሁ።

«እማማ፣ ክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ። እዚህ ዳዊታቸው ላይ ካለ ማንም አፉን አይከፍትም» አልኳቸው።

«እንዴት ያለ ነገር ታመጣለህ ልጄ» አሉ። «እናቴ ‹በጸሎቱ ያስብሻል› እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሰው ‹አባትሽ የት አለ› ሲለኝ በዚች ነው የኖርሁ። ስሜ ከሌለበትሳ?»

አፈርኩ። ለመጽሐፌ ማስረጃ ስቃርም ሴትዮዋ ምን እንደሚያጡ አንዴም አላሰብኩም። ስልኬን ከትቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጠጋ ብለው ክርስትና ስማቸውን ሹክ አሉኝ።

«ካለ ደውልልኝ። ከሌለ ዝም በል፤ ምንም አትንገረኝ» አሉ።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ከሐሙሲት ሳንወጣ ፎቶውን ከፈትኩ። ስሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ምን ጠፋብህ?» እስኪለኝ ድረስ ደጋገምኩ። የሳቸው ስም የለም።

አሁን መነኮሳቱ ደስ የሚላቸውን ምዕራፍ መጻፍ እችላለሁ። ግን ስም አልተጻፈም ማለት ልጅ አልተወለደም ማለት ነው? ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም። ወደ ባሕር ዳር ሳልፍ ሚኒባሱ ሐሙሲት ከቆመ አንገቴን እደፋለሁ፤ እማማ እንዳያዩኝ እፈራለሁ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም አለፈ፤ አልደወልኩም። ያዘዙኝን ነው ያደረግኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ነበሩ።

«ሰሞኑን ኔትወርክ የለም አሉ ልጄ» አሉኝ። «ደውለህ እንቢ ብሎህ እንደሁ ብዬ ነው።»