የማክሰኞው ቅቅል

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ነገር ሥጋ ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ነው። በጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት። ባለቤቴ ቅልጥሙን ከቧንቧው ሥር እያገላበጠ ያጥባል፤ እኔ ጃኬቴን እንደለበስኩ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ጃኬቴን ለብሼ ነበር? ይመስለኛል። የምንከባከባቸው ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራዬ፣ ያን ጠዋት እጅጌዬን አሽትተው «ዛሬ ደግሞ ምን ስታበስዪ መጣሽ?» ብለውኛል። እንግዲያው ለብሼ ነበር።

«አታድቅቂው» አለኝ ሽንኩርቱን አይቶ። «ለቁሌት አይደለም፤ ለቅቅል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፤ እጅሽ ነው የማያውቀው።»

«እጄን ተወው፤ ስንት ዓመት አብልቶሃል።»

«እኔን? ጣሊያኖቹን ነው እንጂ ያበላው! እኔማ የደረሰኝ ትራፊ ነው።»

ቢላዋውን ከእጄ ወስዶ የቀረውን ሽንኩርት በትልልቁ ቆራረጠው። ቅልጥሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጥቂት እርድ፣ ከግቢያችን አጥር የቀነጠሰውን የጥብስ ቅጠል ድስቷ ውስጥ ከተተ፤ ውሃ ጨመረ፣ ከደነ፣ መዞሪያዋን አዞረ። ከዚያ «በይ ሂጂ፣ ትራሙ ያመልጥሻል» አለኝ። ሰዎች የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ። ሌላ የደበቅኋቸው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ስለ ድስቷ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ሆዷ ሸክላ የሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቀስ ብላ የምታበስል ድስት ናት። የሲኞራዬ ልጅ ለሠርጓ በስጦታ አግኝታት ከነካርቶኗ ቁም ሣጥን ላይ ስታስቀምጣት ኖራ በመጨረሻ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ንቄያት ነበር። ወጥ ማለት አጠገቡ ቆመው የሚያማስሉት፣ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ የሚያደርጉለት ነገር ነው። ትተውት ሄደው የሚበስል ወጥ ወጥ ነው ብዬ አላምንም ነበር። ባለቤቴ ግን የሆቴል ሻንጣ ሲሸከም ወገቡ ተጎድቶ ሥራ ካቆመ በኋላ ቀኑን ቤት ስለሚውል ከእሷ ጋር ተወዳጀ። ስምም አወጣላት፤ ሰነፏ አላት። «ሰነፏ ዛሬ ምን ታብላሽ?» ይለኛል ጠዋት። በፍስክ ቀን ቅቅል ወይም ጎመን በሥጋ፤ ረቡዕና ዓርብ ምስር፣ ሽንብራ በቆስጣ፣ ወይም ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ። አንድ ሕግ ነበረው፤ ክዳኗ አይነሣም። እኔ ደግሞ ክዳን ሳላነሣ ማብሰል አልችልም። ማንኪያ ይዤ ስጠጋ ከሳሎን ይጮኽብኛል፤ «ተያት! የተኛን ሰው እየቀሰቀሱ፣ መልሰው እንቅልፍ አልጠገብክም ወይ ይሉታል?»

ያን ቀን ቀትር ላይ ሲኞራዬ ቤት ሳለሁ ስልክ ተደወለ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሰፈራችን ፒኜቶ፣ የትራሙ ፌርማታ ላይ ወድቋል። ልቡ ነው አሉኝ። ሆስፒታል ስደርስ አብቅቶ ነበር። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አመሻሹ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደግፈው ወደ ቤት አመጡኝ። በሩ ሲከፈት ቤቱ ቅቅል ቅቅል ይላል። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እቤት አለ ብዬ አሰብኩ። ሆስፒታል ያየሁት ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ወጥ ቤት ነው ብዬ በስሙ ተጣራሁ። ገብቼ ሳይ ድስቷ ትንሿ መብራቷ እንደበራ፣ ክዳኗ ከውስጥ በእንፋሎት እንደራሰ ተቀምጣለች። ምንም አልሰማችም።

በእኛ ዘንድ ሐዘን ቤት እሳት የሚያነደው ጎረቤት ነው፤ ሐዘንተኛ ምድጃ አይጠጋም። ሟቹ ራሱ ጥዶት ስለሄደው ድስት ግን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ሞልተው ቆመው ይከራከራሉ፤ እኔ በሩ ላይ ተደግፌ ስለ ሌላ ሰው ቤት የሚነጋገሩ ይመስለኛል።

«ይነቀልና ይደፋ» አለች አንዷ።

«ምግብ ይደፋል? ነውር አይደለም እንዴ?»

«የሞተ ሰው እጅ ያለበት ምግብ እኮ ነው።»

«ሲሠራው መቼ ሞተ?»

«ቆይ ግን፣ ኤሌክትሪክ እሳት ይባላል?»

«ለአባ እንደውልላቸውና እንጠይቃቸው።»

«ለዚህ ነው አባን የምታስቸግሪው? ቅቅል ይበላል ወይ ብለሽ?»

የፈረዱት እማማ ናቸው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከፖንቴ ማሞሎ ሰፈር በሜትሮ፣ በከዘራ ተደግፈው የመጡ አሮጊት ናቸው። ሴቶቹን በከዘራቸው ገለል አደረጉና ክዳኑን አንሥተው ወደ ውስጥ አዩ።

«ነገ ረቡዕ ነው» አሉ። «ዛሬ ካልተበላ እስከ ሐሙስ ሥጋ ታቅፋችሁ ልትቀመጡ ነው? ለቀስተኛው እየመጣ ነው፤ እንጀራ አቅርቡ።»

ተበላ። እኔ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነበርኩ። አንዷ ጎንበስ ብላ ጉርሻ አቀረበችልኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። «እሺ፣ ቆይተሽ ትበያለሽ» አለችኝ። በማግስቱ ድስቷ ታጥባ፣ ጨርቅ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ደጎቹ ሴቶች ጥርግ አድርገው ነው ያጠቧት፤ አሸተትኳት፤ ሳሙና ሳሙና ትላለች።

ከቀብሩ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሴቶቹ በተራ ምግብ አመጡልኝ። ከዚያ እየራቁ ሄዱ፤ ሁሉም ሥራ አለው። እኔም ሥራ ጀመርኩ። ሲኞራዬ ቤት የሳቸውን ሾርባ እቀምሳለሁ፤ ማታ ቤቴ ቆሜ ዳቦ እቆርሳለሁ። ምድጃውን ልለኩስ ስል እጄ አይታዘዘኝም። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ልጃችን የምትኖረው ቶሪኖ ነው፤ በየማታው ደውላ በጣሊያንኛ «ማማ፣ በላሽ?» ትለኛለች። በላሁ እላለሁ። «ምን በላሽ?» ስትል ወሬ እቀይራለሁ። አንድ ቀን «አሎራ፣ እንግዲህ ለናታሌ፣ ለጣሊያኖቹ ገና፣ መጥቼ ዕቃሽን እጠቀልላለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» አለችኝ። እንደ እናት ነው የተቆጣችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እኔ ግን ከዚህ ቤት መውጣት አልፈለግሁም፤ ለምን እንዳልፈለግሁ ደግሞ ማስረዳት አልቻልኩም። ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ሽታውም ጠፍቷል።

አንድ ቅዳሜ ሞከርኩ። ቅልጥም ገዝቼ፣ እንደሱ አድርጌ ድስቷን ጣድኳት፤ ከዚያ አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ክዳኑን አነሣሁ፣ አማሰልኩ፣ ከደንኩ፤ ደግሞ አነሣሁ። ሲመሽ ሥጋው አጥንቱን ሙጭጭ እንዳለ ነው። ቀመስኩት። ትክክል ይሁን ስሕተት በምን ልወቅ? የሱ የመጨረሻው ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ያን ያህል ሰው በልቶታል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ሐሳብ ከገባብኝ በኋላ አልወጣልኝም። ያን ሳላውቅ ሌላ ምግብ መጀመር የማልችል ሆኖ ተሰማኝ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይላል፤ ግን እንዲያ ነበር።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሆቴል የሠራውን ረጅሙን ጓደኛውን ያዝኩትና ያን ቀን የበላኸው ቅቅል እንዴት ነበር አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እጅ ያስቆረጥማል! እንዲያ ያለ ቅቅል በሕይወቴ አልበላሁም» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ አንዷን ሴት ጠየቅኋት።

«በርበሬው ትንሽ በዛ እንጂ ግሩም ነበር» አለች።

«ቅቅል ውስጥ በርበሬ ይገባል እንዴ? የትኛውን ነው የበላሽው?»

«ቀዩን ነዋ።»

ቀዩን ወጥ ይዛ የመጣችው እሷው ራሷ ነበረች። ሦስተኛዋ ደግሞ ድንቹ እንዴት ለስልሶ እንደነበር ነገረችኝ። ድንች አልጨመረም። ወይስ እኔ ከወጣሁ በኋላ ጨመረ? ከገበያ ድንች ገዝተን ነበር? ቅርጫቱን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ባዶ ሆኖም ይታየኛል፣ ሙሉ ሆኖም ይታየኛል። ሴትየዋ ክንዴን ይዛ «እህቴ፣ ደህና ነሽ ግን?» አለችኝ። ቫ ቤኔ፣ ደህና ነኝ አልኳት።

ለመጠየቅ የቀሩኝ እማማ ነበሩ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ አንድ እሑድ ከሰዓት ብርቱካን ይዤ ፖንቴ ማሞሎ ሄድኩ። ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እግራቸውን ብርድ ልብስ ጠቅልለው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ሻይ ሳይመጣ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን የበሉት ቅቅል እንዴት ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እውነቱን?» አዩኝ። «ሰው ሁሉ ምን አለሽ?»

«እጅ ያስቆረጥማል አሉ።»

«ውሸታቸውን ነው። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም ልጄ።»

«ምንም?»

«ምንም! አፌ ውስጥ ሳደርገው ደነገጥኩ። ግራ ቀኜን ባይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል። ያ ረጅሙ ጓደኛው ጭራሽ ሁለተኛ አስጨመረ! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጨው አምጡ የሚል ማን ነው? እኔም ዋጥ አደረግሁት። ባልሽ ጨው አያውቅም ነበር እንዴ?»

ጨው የእኔ ሥራ ነበር። ደም ግፊት ስላለበት ሐኪሙ ጨው ቀንስ ብሎታል፤ እጁ ደግሞ ለጨው ይከብዳል፤ ስለዚህ እሱ ጨው ላይነካ፣ ማታ ከሥራ ስገባ እኔ ልጨምር ተስማምተን ነበር። ጃኬቴን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጨው በትኜ አንድ ጊዜ አማስላለሁ፤ ከዚያ እንቀመጣለን። ስንት ዓመት በየማታው ያደረግሁትን ነገር እንዴት ረሳሁት? ያን ቅዳሜ ቅልጥሙን ስቀቅል እንኳ ጨው መቼ እንደጨመርኩ አላስተዋልኩም። እጄ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።

«ጨው የምጨምረው እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ገና አልደረሰም ነበራ» አሉ።

ያን ሁሉ ሰው አየሁት፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጨው የሌለው ቅቅል በአክብሮት ሲውጥ። ሳቄ አመለጠኝ። ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ። እማማም ሳቁ፤ ከዘራቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም። እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝና «በይ አሁን ብርቱካኑን ላጪልኝ» አሉ።

በሜትሮ ስመለስ ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ አልገባኝም። ስፈልገው የነበረው ጣዕም ድስቷ ውስጥ አልነበረም። ይህ ያጽናናል ወይስ ያሳዝናል? ያን ጉርሻ በልቼ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አውቄ ተነሥቼ ጨው እጨምር ነበር? ወይስ እኔም አንገቴን ደፍቼ እውጥ ነበር? የማውቀው ቤት ስደርስ እርቦኝ እንደነበር ነው። እራት የሚሆን ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቅልጥሙን ጠዋት አጥቤ ጣድኩና ወደ ሥራ ሄድኩ። ክዳኑን ላንሣ ብልስ ከሲኞራዬ ቤት እንዴት እደርሳለሁ? ማታ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ተመልሼ ወደ ደረጃው ወጥቼ ጥቂት ቆምኩ። የፎቅ ጎረቤቴ ስታልፍ ቁልፍ የጠፋብኝ መስሏት ልርዳሽ ወይ አለች። ከዚያ ገባሁ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ። ጣፋጭ ነበር? እንጃ። ሥጋው ለስልሶ ነበር።

ልጄ ለናታሌ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። የእኛ ጾም ስላልተፈታ ያገኘችው ምስር ነው። ጭልፋውን ራሷ አንሥታ ጨለፈች፤ ዳቦ እያጠቀሰች በላች፤ ደግማ ጨለፈች። ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ሰነበተ፤ ስትሄድም ባዶውን ይዛው ተመለሰች።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ድስቷን ሞልቼ፣ ሶኬቱን ሰክቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ማታ ቁጭ ብዬ እበላለሁ፤ የተረፈውን ለነገ አስቀምጣለሁ።