በወይራ የታጠነው ብልቃጥ

ባለፈው ማክሰኞ ቅቤ ላወጣ ፍሪጁን ብከፍት፣ ከቅቤው ጎን አንዲት ነጭ ሣጥን ተቀምጣለች። ልጄን ሰናይትን ጠራኋት።

"እማዬ፣ በናትሽ እንዳትነኪያት! የምሠራበት ላቦራቶሪ መብራት ስለጠፋ ነው ያመጣኋት። ፕሮቲን ነው። ነገ አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ፣ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ሊታይ። ስንት ወር የለፋሁበት ነው።"

"የምን ፕሮቲን?"

"የበግ።"

"ከበጉ ከምኑ?"

ዓይኗን ወደ ሣጥኗ መለሰች። ያኔ ገባኝ።

"ከአንጎሉ" አለች በመጨረሻ።

ቅቤውን አውጥቼ ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት። ሰናይት ሣጥኗ እንደታሸገች፣ ምንም ሽታ እንደማይወጣት ምላ ተገዘተች። ለእኔ ግን ሸተተኝ። ያ የድሮው ሽታ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በሽታ ያመጣብን ይሆን ብዬም ፈራሁ። ከሁሉ የፈራሁት ግን የገዛ እጄን ነው። እጄ ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ የማውቀው እኔ ነኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ጥዬ፣ ከአንኮበር ዳገቱን በጭነት መኪና ወጥቼ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ገባሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። አክስቴ የከብት በሽታ የሚመረመርበት ቤት ዕቃ አጣቢ አድርጋ አስቀጠረችኝ። ዕቃ ስትለኝ ሰሃንና ብርጭቆ መስሎኝ ነበር።

ዶክተሩ ውጭ አገር የተማረ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። የሚያጠናው አዙሪትን ነበር። አዙሪት የያዘው በግ አንድ ቦታ ላይ ሲዞር ሲዞር ውሎ ወድቆ ይሞታል። አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይበቅልበታል። ዶክተሩ የሚፈልገው በዚያ ውሃ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የበግ ጭንቅላት በጆንያ ይመጣልን ነበር። ምላሱ የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጸጉሩ በደም የተጣበቀ። መጋዙ አጥንቱን ሲቆርጥ ብናኙ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ከረጢቱ እንደ ፊኛ ያብለጨልጫል፤ ሲነኩት ይርገፈገፋል። ቤት ስገባ አክስቴ የምታቀርብልኝ ክክ ወጥ ራሱ አንጎል ይመስለኝና እጄ ይመለሳል። ያን ሰሞን የኖርኩት በደረቅ የገብስ ቆሎ ነው።

መጋዙን የሚይዘው፣ ውሃውን በመርፌ የሚቀዳው ጋሽ ይፍሩ ነበር፤ ሰላ ድንጋይ ከሚባለው አገር የመጣ፣ ረጅም፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ። ለማጨስ ግን ሁልጊዜ ከግቢው በር ውጭ ይወጣል፤ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ። ፊቴን ስቋጥር ይስቅብኛል።

"እሜቴ አንኮበር! ቤተ መንግሥት መሰለሽ? አፍንጫሽን ልቀቂውና ብልቃጡን አቀብዪኝ።"

"ጋሽ ይፍሩ፣ ፕሮቲን ሽሮ ውስጥም አለ ይላሉ። ለምን ከሽሮ አያወጡትም?"

"ሽሮ መቼ አዙሪት ይዞት ያውቃል?"

ሥራውን ያስረዳኝም እሱ ነው። ውሃው በሚሽከረከር ማሽን ይጣራል፤ ከዚያ በየብልቃጡ ይታሸግና በበረዶ ተከቦ ባሕር ማዶ ይላካል። እዚያ አንዲት ጠብታ ከምስር ፍሬ በምታንስ ወንፊት ላይ ትደረግና ኤሌክትሮን በሚሉት ማይክሮስኮፕ ትታያለች። "አንቺ የማታዪው ቆሻሻ እዚያ ተራራ ያክላል" አለኝ። "ብልቃጡን በተጣራ ውሃ ሦስቴ አለቅልቂና ድፊው። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።"

ሦስቴ አለቀለቅሁ። አምስቴም አለቀለቅሁ። ባሸተው ባሸተው ያው የበግ አንጎል ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዕቃ በውሃ ብቻ ጸዳ አይባልም። ያልታጠነ ዕቃ ላይ ወተት ያለበች ልጅ ባል አታገኝም ትባላለች፤ እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እንግዲህ አንድ ቀን ለምሳ ሲወጡ፣ ከጓሮ የወይራ ፍልጥ ለኩሼ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ጢሱ ላይ ደፋኋቸው። ውስጣቸውን ብጫ ብጤ ነካው። ላይ ላዩን ወለወልኩና ደረደርኳቸው። ባሸታቸው ደስ አለኝ፤ ቤቴን ቤቴን ሸተቱኝ። በማግስቱ ጋሽ ይፍሩ ጉንፋን ይዞት እያስነጠሰ ፕሮቲኑን ሞላባቸው።

ከወራት በኋላ ብልቃጦቹ ባዷቸውን፣ ከደብዳቤና ከፎቶግራፍ ጋር ተመለሱ። ዶክተሩ ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ጥቁር በጥቁር ናቸው።

"ጥቀርሻ ነው የላክነው! የዓመት ሥራ ገደል ገባ! ይፍሩ፣ ሲጋራህን እዚህ ውስጥ ነው የምታጨሰው?"

ጋሽ ይፍሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት አንዱን ብልቃጥ አነሳ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰብሬ ከመደርደሪያው ንጹሕ ብልቃጥ አንስቼ ማጠብ ያዝኩ።

"አዎ ዶክተር" አለ። "አንዳንዴ፣ ብርድ ሲጠና።"

ዶክተሩ በሩን በርግዶ ወጣ። ጋሽ ይፍሩ ብልቃጡን እጄ ላይ አኖረልኝና በቀስታ "ወተት መሰለሽ እንዴ?" አለኝ። በሳምንቱ ከላቦራቶሪው አውጥተው የበጎች በረት ጠራጊ አደረጉት። እኔ በየጠዋቱ በመስኮት አየው ነበር፤ አካፋ ይዞ፣ በጠጥ ውስጥ ቆሞ። "እኔ ነኝ" ለማለት በሩ ድረስ ሄጄ ስንቴ ተመለስኩ! እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፣ አክስቴን ፈራሁ። በዓመቱ ወደ አገሩ ገባ አሉ።

የበጉን አንጎል መጸየፌ ያኔ ተረሳኝ። የተጸየፍኩት ራሴን ነው። ሰው ሁሉ የሚወደው የወይራ ጢስ፣ እኔን ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ቤቴ ከተሠራ ወዲህ አንድም ዕቃ አጥኜ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሰናይት ሣጥኗን ልትወስድ ስትነሳ፣ ፍሪጁን በክርኔ ከፈትኩላትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ለዚህ ነው የኛ ቤት ወተት የማይታጠነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ሰውዬውስ አለ?"

"ሰላ ድንጋይ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። አርጅቷል አሉ።"

"ሰላ ድንጋይ እኮ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም፣ እማዬ።"

ሩቅስ አልነበረም። ሩቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሷ ሣጥን በደህና ደርሳለች፤ ጥቀርሻ የለበትም ብላ ደወለችልኝ። እኔ ደግሞ እሑድ ልሄድ ነው። ምን ብሎ እንደሚቀበለኝ እንጃ፤ ሊያባርረኝም ይችላል። ሽማግሌ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድምና እርጎ ልይዝለት አስቤአለሁ። እርጎ ደግሞ ባልታጠነ ዕቃ አይሆንም። ወይራውን ከገበያ ገዝቼ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ቀኑ ነው፤ ክብሪቱን እይዝና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።