በበሬ የተገዛው ኮምፒውተር

በቀደም ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ ለጌም የገዛው አዲስ ኮምፒውተር «ራሙ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት አይሄድም» ብሎ አማከረኝ። «ይሠራል ወይ?» አልኩት። «መሥራቱስ ይሠራል፣ ግን...» ሲል ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባውም። ከዚያ «ግን» በኋላ የሚመጣውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ኖሬበታለሁ።

ኢሕአዴግ አገሪቱን በመራባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ እማር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። አባባ ደግሞ ከሶዶ ወጣ ብላ የምትገኘው የጉኑኖ ልጅ ነው፤ በሬ ማድለብ ይወዳል። በዚያ ዓመት ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት ማለቴ ነው፣ አንድ በሬ የስኳር ድንች ሐረግ በእጁ እያጎረሰ አድልቦ ጀርባው ጠረጴዛ አክሎ ነበር።

ታምራት «በሬው ይሸጥና ጌም ቤት ልክፈት» አለ። አባባ ወደ እኔ ዞረ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይሆናል?»

«ይሆናል» አልኩ።

ታምራትም ጊፋታ ሳይደርስ ከገቢው ለአባባ የቅርጫ መደብ እንደሚያወጣለት ቃል ገባ። በእኛ ዘንድ ጊፋታን ቅርጫ ያልገባ አባወራ ሰው ደጅ ሄዶ ሊበላ ነው። ለአባባ ከዚያ የባሰ ውርደት አልነበረም።

በሬው ተሸጠ፤ ኮምፒውተሩም ተገጣጥሞ አልቆ ከአዲስ አበባ መጣ። ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ ባለብዙ ቀለም መብራት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው መብራቱን ብቻ ለማየት ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም ቀን አላስቸገረም። እዚያ ላይ ብንቆም ምን ነበረበት! ነገር ግን አንድ የታምራት ወዳጅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ «የራሙ ፍጥነት ካርቶኑ ላይ ካለው ያንሳል እኮ። ሸውደውሃል!» አለው። ታምራት ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለው።

ራሙ፣ ማለትም የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ለጥንቃቄ ሲባል በዝቅተኛ ፍጥነት እንደሚነሳ፣ ከፍ ማድረግ የሚቻለውም ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ፣ የዋናው ሰሌዳ፣ ሶፍትዌር በኩል እንደሆነ ነገርኩትና ከፍ አደረግሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። የሰዓት ባትሪ የመሰለችውን የማዘርቦርድ ባትሪ ነቅዬ መልሼ ስከታት በቀድሞ ፍጥነቱ ተነሳ። እንደገና ከፍ፣ እንደገና ጥቁር። ያቺን ባትሪ ስነቅልና ስተክል ጥፍሬ አለቀ።

«ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትማሪው?» ይለኛል ታምራት። እናቴም ትለኛለች። ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን ሳትቀር አለችኝ! እኛ ክፍል ውስጥ የተማርነው የራምን ትርጉም ነው እንጂ የኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ ያሳየን ሰው አልነበረም።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ ለዚያ ማዘርቦርድ አዲስ ባዮስ እንደወጣና እሱ ሲጫንበት ፈጣኑን ራም እንደሚቀበል አነበብኩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄጄ ዋይፋይ ያለበት ጥግ ተጎልቼ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ችግሩ፣ ባዮሱ እየተጫነ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሞተ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ደመና ባጉረመረመ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ኦቶና ሆስፒታል አጠገብ ወደምትኖረው አክስታችን ቤት ልንወስደው ተስማማን፤ ለሆስፒታሉ ስለሚቀርቡ መብራት እምብዛም አይጠፋባቸውም ይባላል። ባጃጁ በጭቃው ላይ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ስጨነቅ ደረስን።

አክስቴ ቆማ ካልጸለየች አታስጀምርም። «ጌታ ሆይ፣ መብራቱን በእጅህ ያዝልን» አለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከምለው የበለጠ ከልቤ አሜን አልኩ። መሃል ላይ አምፖሉ ድርግም አለና ተመለሰ፤ ነፍሴ መለስ አለች። ተጭኖ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር መጣ። ታምራት አቅፎኝ ዘለለ።

በማግስቱ ጌም ቤቱ በወጣት ሞላ። ጨዋታው ሲግል ድንገት ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ማሽኑ ጠፍቶ በራሱ ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ አሁንም ሰማያዊ። ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ታምራት ያልበዋል። እንዲሁ እያደረገ ሰነበተ።

«ትንሽ እንቀንሰው፤ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም» ብዬ ለመንኩት።

«በሬ ሰጥቼ ጥጃ ልቀበል?» አለኝ።

ማሽኑን ልርገጠው ወይስ ወንድሜን? ሁለቱም እኩል አማሩኝ። ደንበኛው አንድ በአንድ ታች ወዳለው ሌላ ጌም ቤት ሄደ።

ጊፋታ ደረሰ። ገቢ የለም፣ ቅርጫም የለም። ጎረቤቶቻችን «ጋሽ ዳና፣ ኑ እንጂ፤ ያለ እርስዎ አንጀምርም!» ብለው ላኩበት። አባባ «ሆዴን አሞኛል» አለ። ጥሬ ሥጋ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከዳጣ ጋር ቢልኩለት አመስግኖ መለሰው። «የበሬው ጌቶች ይብሉት» አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቦዬ የሚባለውን የተቀቀለ ሥራሥር በጨው እየነካ በላ። ከየግቢው ሳቅና ጭፈራ ይሰማል፣ እሱ ያኝካል። እኔንም ታምራትንም አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረንም። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ታምራት ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ። ተከተልኩት። ጌም ቤቱን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ቀንሺው» አለኝ።

ቀነስኩት። ሻይ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያ ወዲያ ያ ማሽን ዓመት ሙሉ ሠራ። ወጣቶቹም ተመለሱ፤ ስለ ራሙ ፍጥነት የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ታምራት ከቅርጫው ሻኛ ያለበትን መደብ አምጥቶ አባባ ፊት አስቀመጠ። ከዚያ በዓል በፊት በነበረው ክረምት ግን ሐኪም ሥጋ ከልክሎት ነበር። አባባ ሥጋውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ጥሩ በሬ ነበር» ብሎ ወደ እኛ ገፋው።

ባልደረባዬን ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቁጣዬ በእሱ ላይ አልነበረም። በማሽኑም ላይ አይደለም፤ ማሽኑማ የመጀመሪያውን ሳምንት በደንብ እየሠራ ነበር። አባባ ዛሬም አለ፤ በየጊፋታው ከአባወራዎቹ ጋር ተቀምጦ ሾርባውን ይጠጣል። ሥጋ መብላት የሚችልበትን የመጨረሻውን ጊፋታ ግን ማንም ላልጠየቀን ቁጥር ብለን ቦዬ አበላነው።