ወደ ግድግዳው የምትዞረው ሴት

ሹራቧ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ የመነጽሯ እጀታ በክር ታስሯል። በአደራ በሰው ቤት ያደጉ ልጆች ራሳቸውን ችለው ሊወጡ ሲሉ፣ የስልክ አጠቃቀም የምታስተምራቸው እሷ ናት። የይለፍ ቃል ሲጽፉ፣ «እኔም ብሆን ማየት የለብኝም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዛሬ አንዷ ተማሪ የደረሳትን መልእክት አሳየቻት፦ «አጎትሽ ነኝ። ፎቶሽንና አድራሻሽን ላኪልኝ።» ልጅቷ ዘመድ የሚባል አይታ አታውቅም።

«መጀመሪያ የእናትሽን ስም ይንገርሽ» አለች ሴትዮዋ ቆፍጠን ብላ። «አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ጠየቀችው። ሰውየው የውሃ ሽታ ሆነ።

«ይሄን በምን አወቁ?» አለች ልጅቷ።

ሴትዮዋ፣ የይለፍ ቃል የሚጽፍ ሳይኖር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለእኔም አጎት መጥቶልኝ ነበር። ቀድሜ ነገርኩት።»