አንቱ የተባሉት ልጅ

ውብአለም እዚህ፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ያደጉ ወጣት ናቸው። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ በአንቱታ መጻፌ የሚገርመው ሰው ይታገሠኝ። አባታቸውን ተሻገርን ግን አንተ ነበር የምለው፤ በዕድሜ ታናሼ ነው።

ውብአለም እንደ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ተነሡ። ሲያድጉ ግን ሴትነቱ አልገጠማቸውም። ወንድነቱንም ሞከሩት፤ እሱም የሰው ኮት ሆነባቸው። ሐበሻ በሚበዛበት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በአንድ የልብስ ማስተካከያ ቤት ሱሪ ያሳጥሩ፣ ዚፕ ይቀይሩ ነበር።

አንድ ቀን «እማማ አጸደ፣ የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ ነው፣ የሴት በግራ» አሉኝ።

«ያንቺስ?» ብላቸው ሳቁና ጃኬታቸውን ገለጥ አደረጉ። የሸሚዛቸውን ቁልፎች ሁሉ ነቅለው መሐል ለመሐል ዚፕ ገጥመውበታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሕንፃችን ምድር ቤት ለእኛ ለአሮጊቶቹ ፊደል ያስቆጥሩን ነበር። በዚህ አገር አቆጣጠር 2011 ነው። አንድ ቅዳሜ «ሄድክ፣ ሄድሽ» እያልን ስናነብ ቆም አሉና ፈራ ተባ እያሉ «እኔ እኮ ሁለቱንም አይደለሁም» አሉን።

መሠረት የምትባል ቀልደኛ ጓደኛችን ናት ቀድማ የመለሰችው።

«ታዲያ ስንጠራህ... ስንጠራሽ... ኧረ ምላሴ ተቋጠረ! በቃ አንቱ እንበላቸው። አንቱታ እንደሆነ ወንድም ሴትም አያውቅም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ውብአለም ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አልናቸው። ቀልዱ ቀረ፣ ቃሉ ጸና።

ችግሩ እቤት ነበር። ተሻገር የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚህ ልጅ በቀር ማንም የለውም። ውብአለም «በእንግሊዝኛ ‹ዘይ›፣ ‹እነሱ› ብለው ነው የሚጠሩኝ፣ እንደ ብዙ ሰው» ሲሉት «አንድ ወልጄ ብዙ ሆናችሁ?» ብሎ ሳቀ። አንቱ እንዲላቸው ሲለምኑት ግን ሳቁ ጠፋ።

«ልጅ አባቱን አንቱ ይላል እንጂ አባት ልጁን? ዓለም ተገለበጠች?»

ወሬው ዳንፎርዝ ደርሶ ኖሮ፣ ካፌ የሚቀመጡ ጓደኞቹ «ተሻገር፣ ልጅህ መቼ ነው የቀሰሰችው?» እያሉ አላገጡበት። ያ አጥንቱ ድረስ ገባ።

አንቱ እንዳይል አፈረ፤ አንተ ወይም አንቺ ብሎ እንዳያስቀይም ሳሳ። ስለዚህ መላ ፈጠረ። «ምሳ ተበላ?» ይላል። «ከሥራ ተመጣ?» «ብርድ ነው፣ ኮት ይለበስ።» በዚህ አማርኛ ሁለት ክረምት አብረው ኖሩ።

«እማማ፣ እኛ ቤት ሰው የለም» አሉኝ ውብአለም አንድ ቀን።

«እንዴት የለም?»

«ምሳው ይበላል፣ ኮቱ ይለበሳል። የበላው ሰው ግን የለም።»

ኋላ ሞንትሪያል የቲያትር ልብስ የሚሰፋበት ቤት ሥራ አገኙ። ሊሄዱ ሲሉ አባታቸውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሰናበታቸው አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አሮጊቶቹ እንደሚሏቸው እንዲላቸው።

እኔም ልሸኝ መነኸሪያ ሄድኩ። ተሻገር ሻንጣውን ጫነ። የኮታቸውን ኮሌታ አቃና፤ ደግሞ አቃና።

«ስልክ ይደወል» አለ። «በሰላም ይገባ።»

ውብአለም ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ «ደህና ይሁኑ አባዬ» ብለው ጉልበቱን ስመው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ተሻገር እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር። ድንገት ሮጠ።

«ውብአለም! በሰላም ይግቡ! በሰላም ይግቡ፣ ልጄ!»

መስኮቱ የማይከፈት ዓይነት ነው። ውብአለም የሙዚቃ መስሚያ ጆሯቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ደውለህ ንገራቸው» አልኩት ሲመለስ።

«በስልክ አይሆንልኝም። ለፋሲካ ሲመጡ ፊት ለፊት እላለሁ። እርስዎም እንዳይነግሩብኝ።»

‹ሲመጡ› አለ። ለእኔ ሲናገር እንዲህ ቀለለው። በየእሑዱ ሲደዋወሉ ግን ያው «ተበላ? ተሠራ?» ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ።

ውብአለም ለቀብር መጡ። «አንድ ቀን እንኳን ሳይጠራኝ» እያሉ ሲያለቅሱ አልቻልኩም፤ የሰማሁትን ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ።

«እማማ፣ ሊያጽናኑኝ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስለዚህ ራሳቸው ባስቆጠሩኝ ፊደል ጻፍኩላቸው። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ተሻገርም ከአጠገቤ ተነሥቶ ነው የሮጠው። አውቶቡሱ ሲነሣ «ግቢ» አላለም። «ግባ» አላለም። «ይገባ»ም አላለም። «ይግቡ» ነው ያለው።