የሐይቁ ውሃና የቀኛዝማች ዝዮች

ጉለሌ ያለው ላቦራቶሪ የገባሁት ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩ በዓመቱ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከቁስቋም ቁልቁለቱን በእግሬ ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ የነጠላዬ ጫፍ በጤዛ ርሶ ነበር። ላቦራቶሪ ሲባል መርፌ የሚወጉበት ቤት ይመስለኝ ስለነበር ሰው እንዴት እንደምወጋ እየተጨነቅኩ ነው የሄድኩት። የሰጡኝ ግን ብሩሽና አንድ ገንዳ ሙሉ ጠርሙስ ነው።

የውሃ ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ገብረየስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያጠብኩትን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና መልሰው ገንዳው ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛውንም ከተቱት። ሦስተኛውን አገላብጠው አዩና «ይኼ ጠርሙስ ሆነ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ስፈትግ ዋልኩ።

የታጠበው ጠርሙስ ይደርቃል፣ ክዳኑና አንገቱ በወረቀት ተሸፍኖ በሲባጎ ይታሰራል፣ ከዚያ አውቶክላቭ የሚባለው ትልቅ የእንፋሎት ድስት ውስጥ ገብቶ ይቀቀላል። ከዚያ ወዲያ ውሃ እስኪቀዳበት ድረስ ወረቀቱን የሚነካ ሰው የለም። እኔ ስምንት ወር ጠርሙስ አጠብኩ፣ ቀጥሎ ረዳት ሆንኩ፣ ከዚያ ናሙና መቅዳት ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያ ናሙናዬን የቀዳሁት እዚያው ጉለሌ፣ እኛ ሰፈር ካለ ምንጭ ነው። በማግስቱ ቱቦዎቹን ሳያቸው ሁሉም ቢጫ ሆነዋል። ምርመራው እንዲህ ነበር፦ ውሃው ባክቴሪያ የሚያራባ ሐምራዊ መረቅ ባለባቸው አምስት ቱቦዎች ውስጥ ይጨመራል፣ ቱቦዎቹ በሰውነት ሙቀት ልክ ያድራሉ። ከሰው ወይም ከእንስሳ አንጀት የወጣ ባክቴሪያ ካለ መረቁ ቢጫ ይሆናል፣ ውስጡ ተገልብጣ በተቀመጠችው ትንሽ ቱቦም የአየር አረፋ ይታያል። እናቴ የዚያን ምንጭ ውሃ ዕድሜዋን ሙሉ የጠጣች ናትና ደነገጥኩ።

አቶ ገብረየስ ጠርሙሱን እንዴት እንደቀዳሁ በእጄ እያሳየሁ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ክዳኑን ፈታሁ፣ በግራ እጄ ያዝኩት፣ ጠርሙሱን እንዲህ አድርጌ አልኩና አንገቱን በሁለት ጣቴ ጨበጥኩ። እዚያ ላይ አስቆሙኝ።

«የመረመርነው ምንጩን ሳይሆን ጣትሽን ነው» አሉ። «ምንጩ ደህና ሳይሆን አይቀርም።»

ደግሜ ስቀዳ ምንጩ ደህና ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን ወር ሙሉ በጣቴ ሲስቅብኝ ከረመ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ወደ ሐይቁ ሥራ የገባሁት በሦስተኛው ዓመቴ ነው። እሑድ እሑድ የአዲስ አበባ ሰው በማኪናም በአውቶቡስም እየሆነ ደብረ ዘይት ወርዶ ይዋኝ ነበር። እኛም የዋና ቦታዎቹን ውሃ በየወሩ እየቀዳን እንድንመረምር ታዘዝን። ሾፌራችን ጋሼ ደምሴ ላንድሮቨሩን ገና ሳይነጋጋ አሙቆ ይጠብቀኛል። ጠርሙሶቹን፣ በረዶ የተሞላውን ሣጥንና የመዝገብ ደብተሬን ጭነን እንወርዳለን።

አቀዳዱ ቀላል ይመስላል። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ውሃው ውስጥ እገባለሁ፣ ያደፈረስኩት እስኪጠራ እቆማለሁ፣ ጠርሙሱን ከግርጌው ይዤ አፉን ቁልቁል ደፍቼ እስከ ክንዴ አጠልቀዋለሁ፣ ከዚያ ከራሴ አርቄ አቀናዋለሁ። አፉ ድረስ አልሞላውም፣ ሲናጥ መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ መጣሉን አለመጣሉን እጽፋለሁ። ከዚያ ስድስት ሰዓት ሳይሞላው ጉለሌ መድረስ አለበት። ጋሼ ደምሴ ይህን ስድስት ሰዓት ከኔ ይበልጥ ያከብሩት ነበር። መንገድ ላይ ወዳጅ ሲያስቆማቸው በመስኮት «ውሃ ይዣለሁ» ብለው ያልፋሉ፣ ሰውየውም ግራ እንደተጋባ ይቀራል።

ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር ያለው የዋና ቦታ የቀኛዝማች ተሰማ ነበር። መጠለያ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍሎችና ሻይ ቤት አሠርተዋል። ከሁሉ የሚወዷቸው ግን ከውጭ አገር ያስመጧቸውን ስድስት ነጫጭ ዝዮች ነው። ዝዮቹ ልብስ መቀየሪያው ሥር ካለው ጥግ አይርቁም፣ እንግዳ ሲመጣ አንገታቸውን አስግገው ይጮሁበታል። እኔን ሲያዩ ደግሞ ይብስባቸው ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ለሽርሽር ወርደው የዋኙ ተማሪዎች በተከታታይ ሆዳቸውን ታመሙ። ሁሉም ዳኑ፤ የትምህርት ቤቱ ሐኪም ግን ለላቦራቶሪው ጻፈ። ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት እዚያው የቀኛዝማች ሐይቅ ላይ የተማሪዎች የዋና ውድድር ሊደረግ ተደግሶ ነበር። በየወሩ የቀዳሁት እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር፤ ሄጄ ቀዳሁ። አምስቱም ቱቦ ቢጫ፣ አምስቱም አረፋ። ደግሜ ቀዳሁ፣ ያው ነው። አቶ ገብረየስ ዋናው ለጊዜው እንዲቆም ደብዳቤ አጻፉና ለኔ ሰጡኝ።

በፖስታ ይላክ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ውሃውን የቀዳሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የሚጠይቁሽን መመለስ የምትችዪው አንቺ ነሽ።»

ቀኛዝማች ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም እንደዚያው። ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር፣ የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም። ከወንበራቸው ተነሥተው በከዘራቸው ማዶውን አሳዩኝ። ማዶ የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ጥፋቱ የከብቶቹ ለመሆኑ ሐኪምም ላቦራቶሪም አያስፈልገውም አሉ። ከነገ ጀምሮ ዘበኛ አቁመው ያንን ዳር እንደሚያዘጉት፣ ከብት የሚባል ወደ ውሃው እንደማይደርስ ነገሩኝ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ከብቶቹን ጠርጥሬ ነበር። ግን ከማዶ አንድም ጠርሙስ አልቀዳሁም። ለሁለት ዓመት ስመላለስ የቀዳሁት ሰው ከሚዋኝበት ቦታ ብቻ ነው። ማዶ የቆሙትን ሰዎች ሳይ አፈርኩ፤ እነዚያ ከብቶች ሌላ የሚጠጡበት ቅርብ ውሃ አልነበራቸውም።

«ቀኛዝማች፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። «ዙሪያውን ልቅዳ። ከብቶቹ ከሆኑ ማዶው እንዲዘጋ የሚያዝ ደብዳቤ እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

እስከዚያ ዋናውን እንደሚያስቆሙና ከተማሪዎቹ ውድድር በፊት መልስ እስካገኙ ድረስ ሳምንት መስጠት እንደማይከብዳቸው ተናገሩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ጠርሙስ ይዘን ወረድን። ለመሃል ሐይቁ ጀልባ ያስፈልግ ነበርና ጋሼ ደምሴ እቀዝፋለሁ አሉ። ላንድሮቨር የነዳ ሰው ለጀልባ አይቸገርም ብለው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ላይ ዞርን። ዝዮቹ ከዳር ሆነው ይጮሁብናል፣ የሻይ ቤቱ እንግዶች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወጥተው ያዩናል። እኔ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ በፍርሃትና በሳቅ መሃል ጠርሙሱን እንዴት እንዳጠለቅኩት ዛሬም አላውቅም። ብቻ አንገቱን አልነካሁም።

ቱቦዎቹን ያነበብኩት ጉለሌ፣ አቶ ገብረየስ አጠገቤ ቆመው ነው። ከመሃል የቀዳሁት ሁሉም ሐምራዊ ነው። ከብት ከሚጠጣበት ዳር የቀዳሁት ሁለቱ ቱቦ ብቻ ቢጫ ሆኗል። ከልብስ መቀየሪያው ሥር፣ ዝዮቹ ከሚውሉበት ጥግ የቀዳሁት ግን መቶ እጥፍ በንጹሕ ውሃ አቅጥነነው እንኳ ሁሉም ቢጫ ነው። አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁና ስድስት ዝይ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብለው እንደማያምኑ ነገሩኝ። ተመልሼ እንድሄድና በዚያ ጥግ ዙሪያ ያለውን መሬት እንዳይ አዘዙኝ።

ስሄድ መጀመሪያ የሄድኩት ማዶ ነው። እናቴ ኦሮሞ ናትና ከቤት ኦሮምኛ ይዣለሁ። አቶ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እያጠጡ አገኘኋቸው። ስለ ዘበኛው ወሬ ሰምተዋል፣ መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብለውኝ ነበር። በቋንቋቸው ሰላም ስላቸው ፊታቸው ተፈታ። የተማሪዎቹን ሕመምና የቱቦዎቹን ነገር ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ፣ ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ወዳለበት በአገጫቸው አመለከቱ።

«ከዚያ ቤት በታች ያለው ሣር በበጋም አይደርቅም» አሉኝ። «ላሞቼ ቢለቀቁ ሮጠው የሚሄዱት እዚያ ነው። ቤቱ ሳይሠራ በፊት እንዲህ አልነበረም።»

ሄጄ አየሁት። ከልብስ መቀየሪያው ኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ የእንግዶቹ መጸዳጃ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ እስከ ሐይቁ ድረስ እንደ መቀነት የተዘረጋ ለምለም ሣር ወርዷል። በሣሩ ሥር የተሰነጠቀ አለት ነው፤ ጉድጓዱም በክረምቱ ዝናብ እስከ አፉ ሞልቷል።

አቶ ገብረየስ ሰውንም እንስሳንም የማይጎዳ፣ ጥቂቱ ብዙ ውሃ የሚያቀልም ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሰጡኝ። ጉድጓዱ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ሐይቁ ላይ ከታየ ጥያቄው አለቀ። ቀኛዝማች የራሳቸው መጸዳጃ መጠርጠሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። ቢሆንም ቃል ሰጥተው ነበርና አልከለከሉኝም። ቀለሙን በባልዲ ውሃ በጥብጬ፣ እሳቸው ቆመው እያዩ፣ ደፋሁት።

የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። ሁለተኛውም ቀን ምንም የለም። ቀኛዝማች ቀለምሽ አዲስ አበባ ተመልሶ ይሆናል እያሉ አፌዙብኝ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጋሼ ደምሴ ጋር ስንደርስ ልቤ ፈርቶ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ማዶው ይዘጋል፣ ለአቶ ቱፋም የምነግራቸው አይኖረኝም።

ከላንድሮቨሩ ሳንወርድ ዝዮቹ ጩኸታቸውን አሰሙ። ከዚያ ከጥጉ ተሰልፈው ወጡ። ስድስቱም ከደረታቸው በታች አረንጓዴ ሆነዋል። ጋሼ ደምሴ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ወርጄ ወደ ጥጉ ሮጥኩ፤ ከአለቱ ስንጥቅ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ውሃ እየወጣ ሐይቁ ውስጥ ይበተናል።

ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው ወጡ። ዝዮቹን አዩ፣ ስንጥቁን አዩ፣ እኔን አዩ። ዝዮቼን ምን አደረግሽብኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከሆዳቸው መጥቶ ዓይናቸውን በእንባ እስኪሞላው ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ የሻይ ቤቱ አሳላፊም ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድላቸው «እኔ ነኝ ለካ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እነዚያን ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ልበድላቸው ነበር።»

በዚያው ቀን ማዶ ተሻግረው ከአቶ ቱፋ ጋር ተነጋገሩ። እኔ በመሃል ቆሜ አስተረጎምኩ። ቀኛዝማች ይቅርታ የሚለውን ቃል ራሳቸው በኦሮምኛ ሊሉት ፈለጉና ደጋግመው ተለማመዱት፤ ሲሉት ግን ሌላ ቃል ሆነ። አቶ ቱፋ ከብቴን ውሰድ ነው ያሉኝ አሉና እንደገና ተሳቀ። አሮጌው ጉድጓድ ተመጦ ተደፈነ፣ አዲሱ ከሸንተረሩ ጀርባ ተቆፈረ፣ ለከብቶቹም ማዶ ላይ ከዋና ቦታው ራቅ ያለ መጠጫ ተስተካከለ።

ከዚያ በየሳምንቱ ቀዳሁ። መጀመሪያ አራት ቢጫ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ። ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው ከጥጉ የቀዳሁት አምስቱም ሐምራዊ ሆኖ አደረ። አቶ ገብረየስ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሡ አዩና ሌላ ሃያ አራት ሰዓት እንድጠብቅ ነገሩኝ። ጠበቅኩ። አልተለወጠም። የፈቃዱን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት፣ እሳቸው ፈረሙበት።

የውድድሩ ቀን ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ወረዱ፣ ታመው የነበሩትም መጡ። አቶ ቱፋ ከነቤተሰባቸው ከማዶ መጥተው ከቀኛዝማች ጎን ተቀመጡ። ዝዮቹ እንደገና ነጭ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር፤ እሱ አንገቱ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ቀርታለች። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቀኛዝማች ንጹሕ ነው ያለችው እሷ ናትና እሷ ቀድማ ትግባ ብለው በሁሉ ፊት ጠሩኝ። ዋና አላውቅም። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ጠርሙስ ሳልይዝ ገብቼ ስቆም የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ፣ ከዚያ ሁሉም ዘለው ገቡና ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ አረጠቡኝ። ጋሼ ደምሴ እስከ ጉለሌ ድረስ የላንድሮቨሩ ወንበር በኔ መራሱ እያሳሰባቸው ነዱ።

በዚያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆየሁ፣ የክፍሉም ኃላፊ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። አዲስ ቴክኒሻኖች ሲመጡ የምነግራቸው ይህን ነበር፦ ከጠረጠራችሁት ቦታ ብቻ አትቅዱ፤ ካልጠረጠራችሁትም ቅዱ፣ ውጤቱንም እኩል ጻፉት።