ሎቢው በር ላይ የቆመው እንግዳ

ጎንደር አንድ እንግዳ ማረፊያ በፅዳት ሠራተኛነት የገባሁ ቀን ሥራ አስኪያጁ መወልወያ፣ ባልዲና በረኪና አስረከበኝ። ከዚያ በመስታወቱ በር በኩል ያለችውን፣ ሁለት ሶፋ ያጨናነቃትን ክፍል አሳየኝ።

«እማማ፣ ይህ ሎቢ ነው። ሠራተኛ አይቀመጥበትም።»

«መግቢያው ማለትህ ነው?»

«ሎቢ!» አለ፣ ስሟን ሲጠራ ክፍሏ የምትሰፋ ይመስል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ግን የማላውቀውን እጠይቃለሁ። ፈረንጅ ይዞ የሚመጣውን አስጎብኚ ጠየቅሁት።

«እንግሊዞች ከላቲን የወሰዱት ቃል ነው» አለኝ። «ጥንት በገዳም መነኮሳት የሚመላለሱበት፣ ጣራ ያለው መተላለፊያ ነበር።»

«ዝናብ እንዳይመታቸው?»

«ዝናብም ፀሐይም።»

ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። «እርስዎ ይወልውሉ» አለኝ፣ በታላቅ አክብሮት።

አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ደጅ ቆመው «ቤቶች!» አሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን አልገቡም። በአገራቸው «ይግቡ» ሳይባል የሰው ቤት አይገባም። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ደግመው ተጣሩ። ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

ሥራ አስኪያጁ ብቅ አለ። «አባት፣ እዚህ አይለመንም።»

«ለማኝ መሰልሁህ? ከሳንጃ ነው የመጣሁ። ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሷ እስክትወጣ ማደሪያ ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይገቡም?»

«ግባ የሚለኝ ምነው ጠፋ?»

ሥራ አስኪያጁ ጭቃ የጠጣ ጫማቸውን አየ። «ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ይቁሙ። ሎቢው ይቆሽሻል።»

መወልወያዬን ግድግዳ አስደገፍሁ። «ይግቡ፣ አያ! ጭቃው የእኔ ሥራ ነው።» እጃቸውን ይዤ ሶፋው ላይ አስቀመጥኋቸው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ይህ ከሥራ ያስባርርዎታል!»

«አባርረኝ። መነኮሳት ከዝናብ የሚጠለሉበትን ስፍራ አንተ ሽማግሌ በዝናብ ማስደብደቢያ አደረግኸው።»

አላባረረኝም፤ አስጎብኚውና ይዟቸው የመጣ ፈረንጆች ቆመው ያዩ ነበር። ፈገግ ብሎ ለሽማግሌው የክፍል ቁልፍ ሰጠ። እኔን ግን በማግስቱ ጓሮ ልብስ አጠባ አዛወረኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ከአንሶላ ጋር ስታገል ኖርሁ። ሽማግሌው ሚስታቸው ድና እስክትወጣ እዚያው አደሩ። ማታ ማታ ሲመለሱ ደጅ ቆመው ይጣራሉ፤ እንግዳ ተቀባይዋም «ይግቡ» ማለት ለመደች።

ለእናንተ ለአዲሶቹ ሠራተኞች የምለው ይህ ነው፦ ሰው ደጅ ቆሞ ሲጣራ መጀመሪያ አስገቡት። ወለሉ በኋላ ይወለወላል።